የፎገራ ምሩቃን የመጀመሪያ ሥራ እስኪያገኙ ስለሚቈዩበት ዘመን

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የሚተኙበት፣ ቀድሞ በከብቱ ስሙ የታወቀ አገር ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የሩዝን ዘር ካስለመዱ ወዲህ ውሃ የሚተኛበት መሬት እህል ሰጪ ሆነ፤ ወረታም የሩዝ መፈልፈያ የበዛባት ገበያ ሆነች። ገበሬውም ከሩዙ ባገኘው ገንዘብ ልጁን ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደርና ወደ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ሰደደ።

ልጁ ተመርቆ ከተመለሰ በኋላ ያለው ጊዜ በወር ከሚቈጠር ይልቅ በመኸር ቢቈጠር ይሻላል። በሐምሌ የተመረቀው ወጣት ሩዙ ሲታረም ቤቱ ይደርሳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲታጨድ ገና ማስታወቂያ ይጠብቃል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው መኸር በዚሁ ዐይነት የሚያልፍበትም አለ። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን እንደሚይዝ፣ እርሱም ማስረጃውን በላስቲክ ጠቅልሎ ከበር ወደ በር ይዞራል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በይፋ በተከፈተ ጊዜ የተማረ ሰው ጥቂት ስለ ነበረ ሥራው ሰውን ይፈልግ ነበር፤ በደርግም ዘመን ምሩቁን የሚመድበው መንግሥት ነበር። ዛሬ ምደባው ቀርቷል፤ ዩኒቨርሲቲው በዝቷል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል። በዚያው ዓመት መጨረሻ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገድ በዘጋ ቍጥር ደግሞ ምዝገባውም ፈተናውም ይዘገያል።

ወደ እርሻው ይመለስ የሚሉ ሹማምንት አሉ። ነገር ግን መሬቱ ከወዴት ይመጣል? በክልሉ ሰፊ የመሬት ድልድል የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ የዛሬው ምሩቅ ያን ጊዜ አልተወለደም። የአባቱንም ማሳ ከወንድሞቹ ጋራ ቢካፈል ለአንዱም አይበቃ።

ስለዚህ የሒሳብ ትምህርት የጨረሰው ወጣት በመፈልፈያው ደጅ ኩንታል ይቈጥራል፣ ሚዛን ይጽፋል። ይህ ድካሙ ግን ልምድ ተብሎ አይታሰብለትም። የግል ሥራ ልምድ የሚቈጠረው የሥራ ግብር የተከፈለበት ማስረጃ ሲቀርብ ነውና፣ በቃል የተቀጠረ ሰው ያን ከየት ያመጣል? ሁለት ዓመት ሠርቶ ሳለ «የሥራ ልምድ ዜሮ ዓመት» በሚለው ተራ ከትናንቱ ምሩቅ ጋራ ይሰለፋል፤ ልምድ ከሚጠይቀው ተራ ደግሞ ይመለሳል። በፎገራ ምሩቅ ላይ ከሥራው ማነስ እንኳ የሚከፋው ጉዳት ይህ ነው።

ይህን ለማቃናት የወረዳው ሹም ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። የንግድና የገቢ ጽሕፈት ቤቶች የመፈልፈያ ባለቤቶችን ሰብስበው፣ የተማረውን ሠራተኛ በጽሑፍ እንዲቀጥሩና ግብሩን እንዲከፍሉ ቢያደርጉ፣ ልጁ ማስረጃውን ያገኛል፤ መንግሥትም ግብሩን አያጣም። የቅጥር ማስታወቂያም በደብረ ታቦር ሰሌዳ ብቻ ሳይወሰን ወደ ቀበሌዎች ሁሉ ሊደርስ ይገባል። ከሜዳው ዳር ያለ ምሩቅ ወሬውን ዘግይቶ ሰምቶ ይሳፈራል፤ ሲደርስ የምዝገባው ቀን አልፏል፤ የመሳፈሪያው ገንዘብ ግን ከእናቱ ጎተራ ወጥቶ በተሸጠ ሩዝ የተገኘ ነው።