ምክክሩ ራሱ ምን ያህል ያክማል?

እ.ኤ.አ. በ2023 የሱዳን ጦርነት ከመፈንዳቱ በፊት፣ እንደ ሳጃናና ዴም ባሉ የካርቱም ሰፈሮች የታመመ ሰው ፈውስ የሚፈልገው በአንድ ቦታ ብቻ አልነበረም። ከሐኪም መድኃኒት ያገኘ ሰው ቁርኣን ወደሚቀራለት ፈኪም ይሄዳል፤ ሴቶች ደግሞ የዛር ሥርዓት የምትመራ ሼኻ ያማክራሉ። በሱዳን ዛር ከመናፍስቱ ወገኖች አንዱ «ሐበሽ» ይባላልና ነገሩ ለእኛም ቅርብ ነው። ከፈኪው ወይም ከሼኻዋ ዘንድ ሻል ብሎት የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። ያሻለው ግን ምኑ ነው? ዕጣኑ፣ ጸሎቱ ወይስ ከአካሚው ጋር ያደረገው ምክክር?

ምክክሩን ለይተው ከለኩ ጥናቶች አንዱን ተመራማሪው ቴድ ካፕቹክና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2008 አሳትመዋል። የአንጀት ሕመም የሚመላለስባቸውን 262 ሰዎች በሦስት ቡድን ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን ሳይታከም ተራ ጠበቀ። ሁለተኛው ቆዳ በማይበሳ አስመሳይ የአኩፓንክቸር መርፌ ታከመ፤ አካሚው ግን ብዙም አላነጋገረውም። ሦስተኛው ያንኑ አስመሳይ መርፌ አገኘ፤ ሆኖም አካሚው በመጀመሪያው ቀን 45 ደቂቃ ወስዶ በርኅራኄ አዳመጠው። ከሦስት ሳምንት በኋላ በቂ እፎይታ አገኘን ያሉት በቅደም ተከተል 28፣ 44 እና 62 በመቶ ነበሩ። በ2011 በእንግሊዝ የወጣ ሌላ ጥናት የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያለባቸውን 83 ታካሚዎች ተከታትሎ፣ ጥቅም የሰጠው ሆሚዮፓቲ በተባለው አማራጭ ሕክምና የሚደረገው ምክክር እንጂ መድኃኒቱ አለመሆኑን አሳይቷል።

ታዲያ በባህል አካሚዎች ምክክር ውስጥ ምን ይደረጋል? ይህን ለማወቅ አካሚዎቹን መጠየቅ ያስፈልጋል። የሱዳን የሥነ አእምሮ ሕክምና ፈር ቀዳጅ ዶክተር ቲጃኒ አል-ማሂ የባህል አካሚዎችን አሠራር ከመናቅ ይልቅ ማጥናትን መርጠዋል። ተመራማሪዋ ሱዛን ኬንየንም በ1991 ባሳተመችው መጽሐፍ የሴናር ሴቶች፣ አካሚዎችም ጭምር፣ ሕይወታቸውንና ሥራቸውን በራሳቸው አንደበት እንዲተርኩ አድርጋለች። በዛር ምክክር ሼኻዋ ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ሕልሙንና የቤቱን ችግርም ትሰማለች። ስም ላልነበረው ጭንቀት ስም ትሰጠዋለች። ከዚያም ታካሚዋን ተመሳሳይ መከራ ካዩ ሴቶች ጋር ታገናኛታለች። ተመራማሪው ሳይመን ሜሲንግ በኢትዮጵያ ያለውን የዛር ማኅበር አጥንቶ በ1958 «የቡድን ሕክምና» ሲል የገለጸው ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ የአካሚው ቃል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ተመልሶ የሚያመሰግነው የዳነው ነው፤ ያልዳነው ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል። ብዙ ሕመም ደግሞ በራሱ ጊዜ ይቀላል። ስለዚህ ጥሩ ጥናት የአካሚውን ማብራሪያ ይሰማል፣ በምክክሩ ላይ ተገኝቶ ይታዘባል፣ ታካሚውንም ከወራት በኋላ ፈልጎ ይጠይቃል። የምክክር ኃይልም ወሰን አለው። ሥቃይንና ጭንቀትን ያቀልላል እንጂ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ አይገድልም። በአንዳንድ የሱዳን የባህል ሕክምና ማዕከላት እንደታየው ታካሚን በሰንሰለት ማሰርም በምንም መንገድ ሕክምና ሊባል አይችልም።

የሚበጀው የባህል አካሚዎችና ሐኪሞች እንዲማማሩ ማድረግ ነው። በእንጦጦ የጸበል ስፍራ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችና የሃይማኖት አባቶች አብረው መሥራታቸው ይህ እንደሚቻል ያሳያል። የባህል አካሚው ከአቅሙ በላይ የሆነውን ሕመም ለይቶ ወደ ሆስፒታል መላክን፣ ሐኪሙም ታካሚውን ሳያቋርጥ ማድመጥን ሊማር ይገባል። ከካርቱም በጦርነት የተፈናቀሉ ሰዎች ሁለቱንም ይፈልጋሉ፤ ማድመጥ ደግሞ መድኃኒት በጠፋበት ቦታ እንኳ ዛሬውኑ ሊጀመር የሚችል እርዳታ ነው።