ጠዋት ወጥቶ ማታ ለመግባት፦ የአንድ ቀን ጉዞ እንዴት ይመረጣል?

(በሬዲዮ ዝግጅት ከቀረበ ትምህርት ለኅትመት የተዘጋጀ)

 

በቅርቡ አንድ አባት ከዐስር ሰላት በኋላ የታጠፈ ወረቀት ይዘው መጡ። ወረቀቱ የጉዞ ማስታወቂያ ነው። «በአንድ ቀን አራት ቦታ፤ ምሳ፣ አስጎብኚና መኪናን ጨምሮ» ይላል። «ኡስታዝ፣ ለዒድ ሰሞን ልጆቹን ልወስዳቸው አስቤያለሁ፤ ይኼ ነገር ያዋጣል?» አሉኝ። እኔ የሐላልና የሐራም ጥያቄ መስሎኝ ነበር። እሳቸውን ያሳሰባቸው ግን ሌላ ነው። የስድስት ሰው ክፍያ ከዕቁብ የሚወጣ ገንዘብ ነው፤ አንድ ጊዜ ከወጣ አይመለስም።

መልሴን በራሳችን ላይ ከደረሰው ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመድረሳችን ወላጆች ተሰባስበን ልክ እንዲህ ያለ ጉዞ ገዛን። መልካ ቁንጥሬ፣ ጢያ፣ ቡታጅራ፣ ከዚያም በዝዋይ (ባቱ) በኩል ዞሮ በሞጆ መመለስ ነበር። ከሽሮ ሜዳ 12 ሰዓት ላይ እንነሳለን ተባልን፤ አውቶቡሱ የመጣው 2 ሰዓት ላይ ነው። ከተማውን ለማቋረጥ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ጢያ ላይ ሃያ ደቂቃ ተሰጠን፤ ቡታጅራ ላይ ለሃምሳ ሰው ምሳ እስኪቀርብ ሁለት ሰዓት ተቀመጥን፤ መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። ዝዋይ ስንደርስ ፀሐይ ጠልቃ ነበር። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አንዲት እናት አብረውን ነበሩ፤ ሐይቅ አይተው አያውቁምና የተነሱት ለሐይቁ ብለው ነው። ዳር ላይ ቆመው ጨለማውን ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፣ ነፋሱን አገኘሁት፤ ውኃው የታለ?» አሉኝ። ቤታችን የገባነው ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

አዘጋጁ አልዋሸንም። አራቱንም ቦታ ረግጠናል። ጥፋቱ የኛም ነበር፤ ስንመርጥ የቆጠርነው ቦታውን እንጂ ሰዓቱን አልነበረም።

ዑምራ ወይም ሐጅ ያደረጋችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። መዲና ላይ የዚያራ አውቶቡስ ቁባን፣ ቂብለተይንን፣ ኡሑድን በአንድ ጠዋት ያዞራል። እዚያ ግን ሁሉም በአንድ ከተማ ዙሪያ ያሉ ናቸው፤ ኡሑድ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። በኛ አገር ከቦታ ቦታ ያለው ርቀት ሌላ ነው።

እንግዲህ ሰዓቱን እንቁጠር። አላህ ለኛ አገር ክረምት ከበጋ ብዙ የማይለያይ፣ ወደ 12 ሰዓት የሚጠጋ ብርሃን ሰጥቶናል። ፈጅርን ቤታችን ሰግደን 12 ሰዓት ላይ ብንነሳ፣ መግሪብ ከ12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ይገባል። በእጃችን ያለው እነዚህ አሥራ ሁለት ሰዓታት ናቸው። ከዚህ ላይ ለምሳና ለሰላት ሁለት ሰዓት ቀንሱ። አውቶቡስ በአገራችን መንገድ፣ ዳገቱም መቆሙም ተጨምሮ፣ በሰዓት በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ከሄደ መልካም ነው። የኛ ጉዞ ደርሶ መልስ ወደ 340 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ወደ ሰባት ሰዓት በመንገድ ላይ ማለት ነው፤ የከተማው መጨናነቅ ገና አልተደመረም። ለአራቱ ቦታዎች የቀረውን እናንተው አስሉት። እኔ ዛሬ ለሚጠይቀኝ የምለው፦ የመሄጃው መንገድ ብቻውን ከሁለት ሰዓት ተኩል የሚያልፍ ከሆነ በዚያ ቀን ሌላ ቦታ አትጨምሩበት። ከሦስት ሰዓት ተኩል ካለፈ ደግሞ ለቤተሰብ የአንድ ቀን ጉዞ አይደለም፤ አዳር ይፈልጋል።

እዚህ ላይ የኛ ሰፈር ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። በእንጦጦ ሥር፣ በሽሮ ሜዳ፣ በአዲሱ ገበያ ለምንኖር የጉለሌ ነዋሪዎች የከተማው ሰሜን በር ደጃፋችን ነው። ማስታወቂያዎቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ይወስዱናል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለብዙው ሰው መልካም ነገር ነው። ለኛ ግን ፈጣን የሚሆነው ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠን ቱሉ ዲምቱ ከደረስን በኋላ ነው። ማታ ሲመለሱም ያው ነው፤ በተለይ እሑድ ከቢሾፍቱ በኩል የሚገባው መኪና ብዙ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ የኢሬቻ በዓል በሆራ ሐይቅ ሲከበር ደግሞ ቢሾፍቱ በሰው ይሞላል፤ በዚያ ሳምንት ለሽርሽር ብላችሁ አትሂዱ።

በሰሜን በኩል በሱሉልታና በጫንጮ አድርጎ እስከ ደብረ ሊባኖስ አካባቢ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ገዳሙ የክርስቲያን ወገኖቻችን ታላቅ ስፍራ ነው፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች መነኮሳቱን የጨፈጨፉበት መሆኑን ልጆቻችን ማወቅ አለባቸው። እኛን ለሽርሽር የሚጠራን ገደሉ፣ በገደሉ አፋፍ የሚግጡት ጭላዳ ዝንጀሮዎችና አሮጌው የድንጋይ ድልድይ ናቸው። ሆኖም በዚህ መንገድ ላይ አንድ ብርቱ ነገር አለ፤ እሱም ጸጥታ ነው። ባለፉት ዓመታት በሰሜን ሸዋ በሁለቱም ክልሎች በኩል ሰዎች በጉዞ ላይ ታግተዋል። ስለዚህ በዚህ መስመር የሚሄድ ሰው የአዘጋጁን ቃል ብቻ አይያዝ፤ በዚያው ሳምንት በመንገዱ የተመላለሰ ሾፌር ይጠይቅ። መንገዱ አስጊ ነው ከተባለ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ቀኑ ይዛወራል? ይህ ከመክፈላችሁ በፊት በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። በቃል የተባለ ነገር ሲበላሽ የሚያስታውሰው የለም።

አስጎብኚውስ? ብዙ ቤተሰብ ለአስጎብኚ መክፈል ከንቱ ወጪ ይመስለዋል። ጥሩ ከሆነ ግን የጉዞው ግማሽ እሱ ነው፤ መጥፎ ከሆነ ልጆቻችሁ ውሸት ተምረው ይመለሳሉ። እኔ የምፈትንበት መንገድ አለኝ። የሰሜኑን ጉዞ ለሚሸጥልኝ ሰው «ያንን ድልድይ ማን ሠራው?» እለዋለሁ። ሰው ሁሉ «የፖርቱጋል ድልድይ» ስለሚለው «ፖርቱጋሎች፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን» ብሎ የሚመልስልኝ ይበዛል። የታሪክ ጸሐፊዎች የሚሉት ግን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ የዐፄ ምኒልክ አጎት በነበሩት በራስ ዳርጌ የተሠራ መሆኑን ነው። ጢያ ላይ ያለው ፈተና ደግሞ እኛን ሙስሊሞችን በቀጥታ ይነካናል። ጢያ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስፍራ ነው፤ 36 የቆሙ ድንጋዮች ያሉት ሲሆን 32ቱ የተቀረጹ ናቸው፤ ብዙዎቹ ላይ የጎራዴ ምስል አለ። በአካባቢው እንዲህ ያሉትን ድንጋዮች «የግራኝ ድንጋይ» የሚል ሰው ታገኛላችሁ። ይህ አፈ ታሪክ ነው። ቁፋሮው ከሥራቸው ያገኘው መቃብሮችን ነው፤ እነሱም እ.ኤ.አ. በ1543 ከሞቱት ከኢማም አሕመድ ዘመን የሚቀድሙ ናቸው። የምልክቶቹ ትርጉም ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። «እንዲህ ይባላል፤ የታወቀው ግን ይህ ነው» ብሎ ሁለቱን የሚለይ አስጎብኚ ካገኛችሁ ያዙት። ወደዚያው መንገድ ላይ ያለው መልካ ቁንጥሬም ከባልጪት ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ስለሆኑ ለአንድ ቀን ይበቃሉ፤ ዝዋይን አትጨምሩበት።

ወደ ሰላቱ ልምጣ፤ ጥያቄ ስለሚበዛበት ነው። በአዲስ አበባ ዙህር እንደ ወቅቱ ከ6 ሰዓት ከ10 እስከ 6 ሰዓት ከ40 ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የምሳ ዕረፍት ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ውኃና ንጹሕ ቦታ ባለበት እንዲሆን አስቀድማችሁ አስይዙ። አሳጥሮ መስገድን (ቀስርን) በተመለከተ ብዙ ዑለማእ የሚይዙት ርቀት ወደ 80 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ የሚቆጠረውም ከቤታችሁ ሳይሆን ከከተማው ቤቶች ማለቂያ ጀምሮ ነው። ቢሾፍቱ እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ሙሉውን ትሰግዳላችሁ። ጢያ ወሰኑ ላይ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ሙሉውን መስገድ ከጥርጣሬ ያወጣል። ደብረ ሊባኖስ አካባቢም ሆነ አዳማ ግን ከከተማው ዳር ሲቆጠሩ ርቀቱን የሚሞሉ መሆናቸውን አጣሩ። ዙህርን ከዐስር ጋር ማጣመር (ጀምዕ) በሻፊዒይ መዝሀብ ለመንገደኛ የተፈቀደ ሲሆን፣ በሐነፊይ መዝሀብ ያላችሁ፣ ለምሳሌ ከወሎ የሆናችሁ፣ ሁለቱን በየወቅታቸው ትሰግዳላችሁ። በአንድ አውቶቡስ ሁለቱም ስለሚኖሩ በዚህ አትጨቃጨቁ፤ የዐስሩን መቆሚያ ለሚፈልግ አቁሙለት። ዓርብን ግን ለሙሉ ቀን ጉዞ ባትመርጡት እወዳለሁ፤ ቅዳሜ ይሻላል።

ምሳን «ጨምሮ» የሚለው ቃል ለኛ አሳሳች ነው። ብዙዎቹ አዘጋጆች ከመንገድ ዳር ሆቴል ጋር የተዋዋሉ ናቸው፤ የሙስሊም ሥጋ ከሌለ በከፈላችሁበት ምግብ ፊት ሻይ ጠጥታችሁ ትነሳላችሁ። «የምሳውን ቀንሱልን፣ እኛ እንይዛለን» ብትሉ አብዛኛው ይስማማል። በቡታጅራ በኩል የሙስሊም ምግብ ቤት አይቸግርም፤ ዝዋይ ላይ ዓሣ አለ፤ በሰሜኑ መስመር ግን ከቤት ቋጥሮ መውጣት ይሻላል። የመግቢያ ዋጋ፣ የአካባቢ አስጎብኚ፣ የፈረስ፣ የጀልባ ክፍያ ውስጥ መሆን አለመሆናቸውንም ጠይቁ። ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ አብሯችሁ ካለ የመግቢያ ዋጋው ሊለይ ስለሚችል መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ። እንደ ሶደሬ ባለ መዋኛ ያለበት ቦታ የሴቶች መለያ መኖሩን አዘጋጁን ሳይሆን ራሱን ቦታውን ደውላችሁ ጠይቁ።

ወንጪን የሚጠይቁኝ ወጣቶች ብዙ ናቸው። እውነት ነው፣ ውብ ስፍራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከመረጣቸው መንደሮች አንዱ ሆኗል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱ ያንዘፈዝፋል፤ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ቁልቁለት ሲመለሱ ዳገት ነው፤ ከኛ ሰፈር ደግሞ ከተማውን ወደ ምዕራብ ማቋረጥ አለ። ለወጣት ጀመዓ ይሆናል፤ ሕፃንና አዛውንት ላለበት ቤተሰብ አልመክርም። የኔ ልብ ያለው ደግሞ አንኮበርና ከሥሩ ያለችው አልዩ አምባ ላይ ነው። አልዩ አምባ የሐረር ነጋዴዎች ቅፍለት የሚያርፍባት፣ የሙስሊሞች የገበያ ከተማ ነበረች። አንኮበር ብቻ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ደብረ ብርሃን አድሮ የሚታይ ነው፤ «በአንድ ቀን አደርሳችኋለሁ» የሚላችሁን አትመኑት። መንገዱም ሰላም የሆነ ጊዜ ይሁን።

ሦስት ሰዎች ሲጓዙ አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አዘውናል። ሰው ይህን የአዘጋጁ ሥራ አድርጎ ይተወዋል። አዘጋጁ ግን ነጋዴ ነው፤ አሚሩ ከእናንተ መሆን አለበት። ጠዋት ጎማውንና የወንበር ቀበቶውን የሚያይ፣ የሦስተኛ ወገን መድኑን የሚጠይቅ፣ «ሰዓቱ ደርሷል፤ የቀረውን ቦታ ትተን እንመለስ» ለማለት ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ይኑራችሁ። በኛ ጉዞ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር ኖሮ ከቡታጅራ እንመለስ ነበር።

ወረቀቱን ይዘው ለመጡት አባት በመጨረሻ የነገርኳቸው ይህን ነው። ትንሹ ልጃቸው ገና አራት ዓመቱ ነው፤ እናታቸውም አብረዋቸው አሉ። «መጀመሪያ ራስጌያችን ያለውን አሳዩአቸው» አልኳቸው። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተከፍቷል፤ ተራራው ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፕ ያለው የጠፈር ምልከታ ጣቢያም አለ፤ የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልም እዚሁ ነው። ከዙህር በፊት ወጥቶ ለዐስር ሰፈር መድረስ ይቻላል። የዕቁቡን ገንዘብ ደግሞ ለአንድ ቦታ፣ ለአንድ ሙሉ ቀን ያቆዩት አልኳቸው። እሳቸውም ተስማሙ። ያችን ሐይቅ ፈላጊ እናታችንን ደግሞ ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከልጆቻቸው ጋር ወደ ቢሾፍቱ ወሰድናቸው፤ ሌላ ቦታ አልሄድንም። ባቦጋያ ዳር ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ዐስር ድረስ ተቀምጠው ዋሉ።