ያውቁ ኖሯል? በ10 ፓውንድ የተሸጠው የመንደር ቤት

በእንግሊዝ ምሥራቅ ሰሴክስ፣ በአልፍሪስተን መንደር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ባለ ሣር ክዳን ቤት አለ። «የካህናት ቤት» ይሉታል። እሱና የዘመን እኩዮቹ ብዙ ጉድ ይዘዋል።

• ጭስ ማውጫ አልነበራቸውም። እሳቱ የሚነደው በአዳራሹ ወለል መካከል ነበር፤ ጭሱም በጣሪያው በኩል ይወጣል። ዛሬ አጥኚዎች አዳራሹ የት እንደነበረ የሚለዩት ጥቀርሻ ባጠቆረው የጣሪያ እንጨት ነው።

• የዚህ ዓይነቱ ቤት ሁለት ጫፎች ባለ አንድ ፎቅ ናቸው፤ የመካከሉ አዳራሽ ግን ከወለል እስከ ጣሪያ ክፍት ነው። የፎቆቹ ፊት ወደ ውጭ ወጣ ስለሚል መካከሉ ገባ ያለ ይመስላል። ሁሉንም የሚያለብሳቸው ግን አንድ ጣሪያ ነው።

• ግድግዳው የቤቱን ክብደት አይሸከምም። ተሸካሚው የኦክ እንጨት ማዕቀፉ ነው። ክፍተቱ በተጠላለፈ ጭራሮ ይሞላና በጭቃ፣ በጭድና በእበት ይመረጋል። ለቤት ጭቃ ያቦካ አበሻ አሠራሩ አይጠፋውም።

• አናጢዎቹ ኦክን የሚጠርቡት እርጥብ ሳለ ነው፤ ከደረቀ ለመሣሪያ ያስቸግራል። እንጨቱ ቤት ከሆነ በኋላ ሲደርቅ ይጣመማል። የብዙ አሮጌ ቤቶች መንጋደድ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

• ማዕቀፉን የሚያያይዘው የብረት ሚስማር ሳይሆን የእንጨት ችካል ነው። የሁለቱ እንጨቶች ቀዳዳ ሆን ተብሎ በጥቂቱ ስለሚዛነፍ፣ ችካሉ ሲመታ መጋጠሚያውን ስቦ ያጠብቀዋል።

• ማዕቀፉ ተጠርቦ የሚገጠመው መጀመሪያ በአናጢው ግቢ ነበር። ከዚያ ተፈታትቶ ወደ ቦታው ይጓዛል። የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም እንዳይምታታ እንጨቱ ላይ የሮማውያን ቁጥር ይጫር ነበር።

• መስታወት ውድ ስለነበር መስኮቱ የእንጨት ዘንጎችና መዝጊያ ብቻ ነበረው።

• የአልፍሪስተኑ አዳራሽ ወለል የተደቀደቀ ነጭ የኖራ አፈር ነው። እንዳይቦን የታሸገው በኮመጠጠ ወተት ነው!

• ዛሬ «የጥንት» የሚመስለን የእንጨቱ ጥቁር ቀለም በብዙ ቤቶች ላይ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፋሽን ነው።

• ቤቱ ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 የተቋቋመው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ናሽናል ትረስት በ1896 በ10 ፓውንድ ገዛው፤ የድርጅቱ የመጀመሪያ ሕንፃም ሆነ። ጥገናው ግን ከግዢው እጅግ የበለጠ ገንዘብ በልቷል።

• የድርጅቱ አርማ የሆነው የኦክ ቅጠል በዚሁ አዳራሽ ከተቀረጸ ቅጠል ሳይወሰድ አልቀረም ይባላል።