ሐረጎን የማያስወርድ ድረ ገጽ

ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በሁለት ከተሞች ነው። ዋናው ግቢ ደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ደግሞ ኮምቦልቻ ሲሆን፣ በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ጠመዝማዛው የሐረጎ መንገድ አለ። ለእንዲህ ያለ ተቋም ድረ ገጽ ጌጥ ሳይሆን ቢሮ ነው ብዬ አምናለሁ።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የተለመደው ግን ገጹን ማሳመርና «ተጠቀሙ» የሚል ሰርኩላር መበተን ነው። ሰርኩላር ማንንም አያመጣም። የፈቃድ ቅጹ፣ የፈተና ፕሮግራሙና የምርምር ገንዘብ ጥሪው ቀድሞ የሚወጣው እዚያ ከሆነ መምህሩ ሳይለመን ይገባል። ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ የሰነበተን ማስታወቂያ ፍለጋ ግን ለምን ብሎ ይገባል?

ጽሑፍ ሁሉ በአንድ የአይሲቲ ባለሙያ እጅ ይለፍ ከተባለም ዜናው ወረፋ ሲጠብቅ ያረጃል። በየትምህርት ክፍሉ አንድ ሰው ፓስወርድ ተሰጥቶት የክፍሉን ገጽ ራሱ ቢያድስ ይሻላል። (ስህተት ይኖራል፤ ይታረማል።)

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ዩኒቨርሲቲው የዝርፊያና የውድመት ሰለባ ሆኗል። ኮምፒውተር በገንዘብ ይተካል። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ የተቀመጠ የመመረቂያ ጥናት ግን አይተካም። ጥናቶቹ በድረ ገጹ ይውጡ፣ ቅጂያቸውም ከሁለቱ ከተሞች ውጪ ባለ ሰርቨር ይቀመጥ የምለው ለዚህ ነው።