ከእሳቱ በላይ ያለው ግድግዳ

እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ የወረደ ሰው ሱሉልታ ሲደርስ ጃኬቱን ይቆልፋል። ብርዱ ነው አንዳንዱን ቪላ ሠሪ ሳሎኑ ውስጥ ጭስ ማውጫ ያለው የእሳት ማንደጃ ያሠራው፤ ባለቤቶቹ ፋየርፕሌስ ይሉታል። ከበላዩ ያለው ባዶ ግድግዳ ደግሞ ቴሌቪዥን ስቀሉብኝ የሚል ይመስላል።

ድሮ ይህ ጣጣ አልነበረም። ጀርባው እንደ ሳጥን የገዘፈው ቴሌቪዥን ዳንቴል ለብሶ ቡፌ ላይ ይቀመጥ ነበር። ጠፍጣፋው ግን ከግድግዳ ጋር ይጋባል፤ አጋቢው ብራኬት ነው። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያሉት አራት የብሎን ቀዳዳዎች ቬሳ የሚባል ዓለም አቀፍ ልክ አላቸው። 200 በ200 ከተባለ፣ ከቀዳዳ ቀዳዳ ወደ ጎንም ወደ ላይም 200 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ሳይለካ ብራኬት የገዛ ወደ ሱቁ ይመለሳታል።

ሸክሙን የምትችለው ግን ጣት የማታህል ፕላስቲክ ናት፤ ፊሸር። ስሟ የሰው ስም ነው። ጀርመናዊው አርቱር ፊሸር ይህችን የናይለን ዕቃ የፈለሰፈው በ1958 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከ1,000 በላይ ፈጠራ በስሙ አስመዝግቦ እኛ ዘንድ የቀረው በዚችው ነው። ብሎኑ ሲገባባት ሆዷ ይነፋና ቀዳዳውን ሙጭጭ አድርጋ ትይዛለች። ለዚህ ግን ዙሪያዋ ጠጣር መሆን አለበት፤ ብሎኬታችን ደግሞ ሆዱ ባዶ ነው። ድሪሉ ልስኑንና ስስ ቅርፊቱን በስቶ ድንገት ወደ ውስጥ ሲሰምጥ እጅ ላይ ይታወቃል። እዚያ የገባች ፊሸር ከብሎኑ ጋር አብራ ትሽከረከራለች። ኮለን ወይም የተሞላ ብሎኬት መፈለግ ነው፤ ካልተገኘ፣ ከጀርባ ክንፉን የሚዘረጋ ብሎን።

በቡራዩና በሰበታ ባሉ የጭቃ ቤቶች ደግሞ ጭቃው ከራሱ በላይ አይሸከምም። ግድግዳውን እያንኳኩ ቋሚውን እንጨት ማግኘት፣ ሁለት ቋሚ ላይ ጣውላ መምታት፣ ብራኬቱን ከጣውላው ማሰር። ጂፕሰም ላይ የሚሰቅሉም አሉ፤ ከኋላው እንጨት ካልገባበት እኔ ሥሩ አልቀመጥም። ወደ ፊት የሚሳብ ባለ ክንድ ብራኬት ከሆነማ የባሰ ነው፤ በተዘረጋ እጅ ባልዲ የያዘ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል።

ወደ ሱሉልታው እሳት እንመለስ። ከማንደጃው በላይ ያለው ግድግዳ ጠጣር ይምሰል እንጂ ከኋላው የጭሱ መንገድ አለ። ድሪሉ እዚያ ከደረሰ፣ ጭሱና የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሳሎን ይገባሉ። ከሰል ሳያጠፋ የተኛ ሰው ምን እንደሚገጥመው ለምናውቅ ለእኛ ይህን ማስረዳት አያሻም። ሙቀቱም ሽቅብ ነው የሚወጣው፤ ብዙ አምራቾች ቴሌቪዥናቸው ከ40 ዲግሪ በላይ በሞቀ አየር እንዳይሠራ ይመክራሉ። ከመሰቀሉ በፊት የባሕር ዛፍ ግንዱን ሁለት ሰዓት አንድዶ፣ ስክሪኑ በሚያርፍበት ቦታ ቴርሞሜትር መለጠፍ ነው። ከ40 ካለፈ ሐሳቡን መተው።

ቴርሞሜትሩ ቢፈቅድ እንኳ አንገት አይፈቅድም። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከወለሉ 1 ሜትር ከ10 ገደማ ነው። የባለ 55 ኢንች ስክሪን ቁመት 70 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ታችኛው ጠርዙ 1 ሜትር ከ40 ላይ ቢውል መሃሉ 1 ሜትር ከ75 ይሆናል፣ የቆመ ሰው አናት። ቁርጥ ቤት እንዲህ ይሰቅላል፣ ደንበኛው ግን ጨዋታው ሲያልቅ ይሄዳል።

ለእኔ እሳቱ ግድግዳውን ይያዝ፣ ቴሌቪዥኑ የጎኑን። እዚያም ቢሆን ከሶኬት ቀጥታ ወደ ላይ አትብሱ፤ የመብራቱ ሽቦ ብዙ ጊዜ በዚያው መስመር ነው የሚወጣው። ብሎኑ ከመጥበቁ በፊት ብራኬቱ ላይ ውሃ ልክ ይቀመጥ። ቡፌውን ደግሞ ለመሸጥ አትቸኩሉ፤ ሪሲቨሩና ስታቢላይዘሩ ገና መቀመጫ ይፈልጋሉ።