የዓለም አቀፍ ንግድ ግልግል ዳኝነት ወጪ ግምት

የዓለም አቀፍ ንግድ ግልግል ዳኝነት ወጪ ግምት በተለያዩ አገሮች የሚገኙ ተዋዋዮች የንግድ ክርክራቸውን በመደበኛ ፍርድ ቤት ሳይሆን በገላጋይ ዳኞች ለመጨረስ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያወጡ አስቀድሞ የሚሰላበት አሠራር ነው። ስሌቱ ክስ ከመመሥረቱ በፊት ብቻ ሳይሆን ውሉ ሲፈረምም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የወጪው መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው በውሉ የግልግል አንቀጽ ነው።

የወጪ ክፍሎች

ወጪው በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ጉዳዩን ለሚያስተዳድረው ተቋም የሚከፈል የአገልግሎት ክፍያ ነው። ሁለተኛው የገላጋይ ዳኞች የአገልግሎት ዋጋና የጉዞ ወጪ ነው። ሦስተኛው ተከራካሪዎች ለጠበቃ፣ ለባለሙያ ምስክር፣ ለትርጉምና ለጉዞ የሚያወጡት ነው። መቀመጫውን ፓሪስ ያደረገው ዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከጠቅላላው ወጪ 83 በመቶው የተከራካሪዎች የራሳቸው ወጪ፣ 15 በመቶው የዳኞች፣ 2 በመቶው ብቻ የተቋሙ ነው። ስለዚህ የተቋሙን የክፍያ ሰንጠረዥ ብቻ የተመለከተ ሰው ትልቁን ወጪ አላየም። በዚህ ምጣኔ ሲሰላ፣ ዳኞቹና ተቋሙ በጋራ 170,000 ዶላር ቢያስከፍሉ የሁለቱ ወገኖች ሌላ ወጪ 830,000 ዶላር ገደማ ይደርሳል።

የአከፋፈል ዘዴው እንደየተቋሙ ይለያያል። በፓሪሱ ምክር ቤት ክፍያው በክርክሩ ገንዘብ መጠን ላይ ይመሠረታል፤ ጥያቄ ሲቀርብ የማይመለስ 5,000 ዶላር ይከፈላል። በለንደን ዓለም አቀፍ የግልግል ፍርድ ቤት ግን ዳኞች የሚከፈላቸው በሠሩት ሰዓት ነው።

ክፍያውን የሚሸፍነው ወገን

ተከራካሪዎች የዳኞቹንና የተቋሙን ወጪ በመጀመሪያ ግማሽ ግማሽ አድርገው በቅድሚያ እንዲያስይዙ ይጠየቃሉ። ተከሳሹ ድርሻውን ካልከፈለ ክሱ እንዲቀጥል የሚፈልገው ከሳሽ የሁለቱንም ድርሻ ለመሸፈን ይገደዳል። በተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን የግልግል ደንብ መሠረት ወጪውን በመርህ ደረጃ የሚሸከመው የተሸነፈው ወገን ነው፤ ሆኖም ጉባኤው እንደ ጉዳዩ ሁኔታ ሊያከፋፍለው ይችላል።

የኢትዮጵያ ሁኔታ

ለኢትዮጵያ ተዋዋዮች ተጨማሪው ሥጋት የውጭ ምንዛሪ ነው። የውጭ ተቋማትና ጠበቆች በዶላር፣ በዩሮ ወይም በፓውንድ ያስከፍላሉ። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. አጋማሽ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር የምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ በጥቂት ወራት ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በብር የተያዘ በጀት በክርክሩ መሐል እጥፍ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከውሳኔ በኋላ ያለው ወጪ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል የኮንስታ ጉዳይ ያሳያል። የጣሊያኑ ኮንስታ የሽርክና ማኅበር በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የድሮውን የኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡር መስመር ለማደስ እ.ኤ.አ. በ2006 ተዋዋለ። ክርክሩ በሄግ ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት አስተዳዳሪነት ታይቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የባቡር ድርጅቱ ወደ 20 ሚሊዮን ዩሮ እንዲከፍል ተወሰነ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ግን በግንቦት 2010 ዓ.ም. መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት ብሎ ውሳኔውን ሻረው።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተለውጧል። ኢትዮጵያ የውጭ የግልግል ውሳኔዎችን ስለማወቅና ስለማስፈጸም የወጣውን የኒውዮርክ ስምምነት ተቀላቅላ ስምምነቱ ከኅዳር 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቶባታል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ግን አይሠራም። የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ደግሞ ተዋዋዮች ተቃራኒ ስምምነት ካላደረጉ በቀር በመሠረታዊ የሕግ ስህተት ምክንያት የሰበር አቤቱታ ማቅረብ እንደሚቻል ይደነግጋል። ስለዚህ የአዲስ አበባ መቀመጫ የመረጡ ተዋዋዮች ስለ ሰበር በውላቸው መጻፍ አለመጻፋቸው ግምቱን ይለውጠዋል።

የስሌት ምሳሌ

በምዕራብ ሸዋ የሚገኝ አንድ አበባ ላኪ ካልከፈለው የአውሮፓ ገዢ 500,000 ዶላር ይጠይቃል እንበል። የመርታት ዕድሉ 60 በመቶ፣ የራሱ ወጪ 200,000 ዶላር ቢሆንና እያንዳንዱ ወገን የራሱን ወጪ ቢችል፣ ክሱ በአማካይ የሚያስገኘው 300,000 ዶላር ነው፤ ወጪው ሲቀነስ 100,000 ይተርፋል። ከረታ በኋላ ገንዘቡን የማስከፈል ዕድሉ ግማሽ ብቻ ከሆነ ግን የሚያስገኘው ወደ 150,000 ይወርዳል፤ ላኪው ትክክለኛ ጥያቄ ይዞም 50,000 ዶላር ይከስራል። ገዢው በየትኛው አገር ምን ንብረት እንዳለው ማጣራት የግምቱ አካል የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ወጪን የሚቀንሱ መንገዶች

በሦስት ዳኞች ምትክ አንድ ዳኛ መምረጥ፣ አንድ የክርክር ቋንቋ መወሰን፣ በቪዲዮ መሰማትና ከክስ በፊት ዕርቅ መሞከር የተለመዱ ናቸው። በፓሪሱ ምክር ቤት ከጥር 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተደረገ የግልግል ስምምነት ላይ የተመሠረተና ከ3 ሚሊዮን ዶላር የማይበልጥ ክርክር፣ ተዋዋዮች ካልተቃወሙ በቀር፣ በተፋጠነ ሥርዓት ይታያል። በአገር ውስጥም የአዲስ አበባ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የግልግል ተቋም የንግድ ክርክሮችን ያስተናግዳል። አነስተኛ ገንዘብ ላለው ውል ሩቅ አገርንና ሦስት ዳኞችን የሚመርጥ አንቀጽ፣ ከሳሹ መብቱን በውጪ ብዛት እንዲተው ሊያስገድደው ይችላል።