አዙሪትና የደጃፍ ውሻ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር አልፎ ወደ ወልዲያ በሚዘልቀው መንገድ ላይ፣ ከጉና ተራራ በስተምሥራቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ በተቆረቆረችው በንፋስ መውጫና በዙሪያዋ፣ ማለትም በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋ ደጋው፣ ገብስና ድንች ብቻውን የማያኖረውን ጎጆ በግ ይደጉመዋል፤ ለግብር፣ ለማዳበሪያ ዕዳ፣ ለልጅ ደብተር፣ ለተዝካርና ለክርስትና ገንዘብ ሲታጣ ወደ ገበያ የሚነዳው እርሱ ነው፤ ጠጉሩም ተነድፎና ተፈትሎ ባና ይሆናል። ስለዚህ በዚህ አገር የበግን ጠባይ የማያውቅ ሕፃን የለም፤ እረኛውም ከመንጋው መካከል አንዱ ጠቦት ድንገት ተነጥሎ፣ ራሱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ የለመለመውን ሣር ትቶ በቆመበት ስፍራ ሲሽከረከር ባየው ጊዜ፣ ሐኪም ሳይጠይቅ «አዙሪት ያዘው» ይላል። የደዌው ስም ይህን ያህል የታወቀ ሲሆን ሥሩ ግን ብዙ ጊዜ አይጠረጠርም፤ ምክንያቱም ሥሩ ያለው በጉ በሚግጥበት መስክ ሳይሆን፣ በባለቤቱ ደጃፍ ተጋድሞ በሚያንቀላፋው ውሻ አንጀት ውስጥ ነው።

ውሻ በእኛ ዘንድ ያለው ማዕርግ እንግዳ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር እንዳይገባ ይከለከላል፤ ስሙ ለስድብ ይጠራል፤ አፉን ያገባበት ዕቃ ይታጠባል፤ ሆኖም ሌሊት ጅብ በረቱ ላይ ሲያንዣብብ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚነቃው እርሱ ነው፤ በመጽሐፈ ጦቢትም ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ጋር መንገድ ሲወጣ ውሻው ተከትሏቸው እንደ ሄደ እናነባለን። የምንንቀውንና የምንታመንበትን ይህን ፍጥረት በዓመቱ አብዛኛው ወራት በፍርፋሪ እናኖረውና፣ በዓል በደረሰ ጊዜ ግን በልግስና እንጎበኘዋለን፤ ሥጋው ለሰው፣ ቆዳው ለደበሎ ወይም ለነጋዴ ይሆንና፣ ሰው የተጸየፈው ሳንባ፣ ውሃ የቋጠረው ጉበት፣ አንዳንዴም የበጉ ራስ እንዳለ ለውሻ ይወረወራል። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ውርወራ ነው።

በዚህ መንገድ የሚመላለሱት ትሎች በተለይ ሁለት ሲሆኑ፣ ሁለቱም የኮሶ ትል ወገን ናቸው። አባቶቻችን በኮሶ አበባ ሲያስወጡት የኖሩት የታወቀው ትል ከጥሬ የከብት ሥጋ የሚገኝና የመጨረሻ ማደሪያው ሰው የሆነ ነው፤ እነዚህ ግን ማደሪያቸው ውሻ፣ መሸጋገሪያቸው በግ ነው።

አንደኛው የአዙሪት ትል ነው። በውሻው ቀጭን አንጀት ውስጥ ተጣብቆ ከ40 ሳንቲሜትር እስከ 1 ሜትር የሚረዝም፣ ጠፍጣፋና ባለ አንጓ ትል ሲሆን፣ እንቁላል የሞላባቸውን አንጓዎች እየቆረጠ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ሜዳ ይጥላል። በጉ እንቁላሉን ከሣር ጋር በዋጠው ጊዜ፣ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ረቂቅ ፅንስ የአንጀትን ግድግዳ በስቶ፣ በደም ተጉዞ አንጎል ውስጥ ይሰፍራል፤ እዚያም በጥቂት ወራት ውስጥ የጠራ ፈሳሽ ያቆረ ከረጢት ይሆናል፤ በከረጢቱ ግድግዳ ላይ በክምር በክምር ተለጥፈው የሚታዩት ነጫጭ ነጠብጣቦችም እያንዳንዳቸው ነገ ትል የሚሆኑ ራሶች ናቸው። ከረጢቱ ባደገ መጠን አንጎልን እየተጫነ ሲሄድ በጉ ዓይኑ ይፈዛል፣ እግሩ ይጠላለፋል፣ አብዛኛውን ጊዜም ከረጢቱ ወዳለበት ጎን ይዞራል። ደዌው ይልቁንም የሚጸናው ሁለት ዓመት ባልሞላቸው በጎች ላይ ነው። ባለቤቱም ተስፋ በቆረጠ ጊዜ ሳይከሳበት ያርደዋል፤ ሥጋው ይበላል፣ ራሱ ይጣላል፤ ውሻውም የለጋውን ራስ ቅል በጥርሱ ሰብሮ አንጎሉን ከነከረጢቱ ሲውጠው፣ ትሉ ወደ ወጣበት ቤት ተመልሶ ይገባል።

ሁለተኛው በመጠኑ እጅግ ያነሰ፣ በጉዳቱ ግን የባሰ ነው። ርዝመቱ ከ2 እስከ 7 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ አንጓዎቹም ሦስት ወይም አራት ቢሆኑ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ውሻ አንጀት ውስጥ በሺህ የሚቈጠሩ ሊኖሩ ይችላሉ። የዚህ ትል እንቁላል በበግ፣ በፍየልና በከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠሩ እብጠቶችን ያበቅላል፤ በበግ ላይ የሚበቅለው ብዙውን ጊዜ ፍሬያማ፣ ማለትም ውሻን ሊበክል የሚችል ሲሆን፣ በከብት ላይ የሚታየው ብዙው መካን ነው። ሰውም ከበጉ ዕጣ አይድንም፤ ውሻውን በዳሰሰ እጁ ሳይታጠብ የበላ ሕፃን፣ ወይም የውሻ ኩስ ያረፈበትን ጎመን ሳያጥብ የቀመሰ ሰው እንቁላሉን ይውጣል፤ እብጠቱም በጉበቱ ወይም በሳንባው ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሕመም ሳይሰማው በዝግታ ያድጋል። የታወቀ እንደ ሆነ መድኃኒቱ በአብዛኛው የቀዶ ጥገና ምላጭ ነው፤ በውስጥ የፈነዳ እንደ ሆነ ደግሞ ፈሳሹ ራሱ ሰውነትን አስደንግጦ ሊገድል፣ ከሞት ቢተርፍም ሌላ እብጠት በሆድ ዕቃው ሁሉ ሊዘራ ይችላል።

እንግዲህ አንባቢው «ትል ያለበትን ውሻ በምን እለየዋለሁ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ ደስ አያሰኝም፤ እነዚህን ሁለቱን የተሸከመ ውሻ ከሌላው አይለይም። ይወፍራል፣ ጠጉሩ ያብረቀርቃል፣ ሲጠሩት ይሮጣል፤ ለበጉ ሞት ለሰውም ምላጭ የሆነው ተባይ ለውሻው እንደ ቀላል እንግዳ ነው። የአዙሪቱ ትል አንጓዎች አልፎ አልፎ በዓይነ ምድሩ ላይ ነጭ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ፤ የሁለተኛው ግን በዓይን ለመታየት እጅግ ያነሰ ነውና፣ «ውሻዬ ንጹሕ ነው» የሚያሰኝ ምስክር አይገኝም። ስለዚህ የውሻው ጤና የሚመረመረው በውሻው ላይ ሳይሆን በሚበላው ነገር ላይ ነው፤ ያልተቀበረ የበግ ራስና ሳንባ የሚያገኝ ውሻ ሁሉ ትል እንዳለበት ተቈጥሮ ሊያዝ ይገባዋል።

ለውሻው ለራሱ የሚከፉት ትሎች ግን ሌሎች ናቸው፤ እነርሱም ራሳቸውን አይሸሽጉም። ወስፋት ወደ ቡችላው የሚተላለፈው ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለና በወተቷም ጭምር ስለ ሆነ፣ ሆዱ ተነፍቶ ጎድኑ የሚቈጠር፣ ጠጉሩ የቆመ፣ እየጠባ የማያድግ ቡችላ ቢታይ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ደም መጣጩ መንጠቆ ትል ከዚህ ይከፋል፤ ድዱ እንደ ወረቀት የነጣ፣ ኩሱ የጠቈረና የሚያጣብቅ ቡችላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ስለሚችል፣ ነገ ይሻለዋል ተብሎ አይታደርበትም። ቂጡን መሬት ላይ የሚጎትት፣ በጅራቱ ሥር የሩዝ ፍሬ የሚያህል ነገር የተጣበቀበት ውሻ ደግሞ ከቁንጫ የሚመጣውን ትል ይዟል፤ ቁንጫው ካልጠፋ መድኃኒቱ ከንቱ ነው። እበት ከሚያንከባልለው ጢንዚዛ የሚገኝም አንድ ትል አለ፤ በጉሮሮ ቧንቧ ላይ እባጭ አብቅሎ ውሻውን ያስታውከዋል፣ ምግብም ይከለክለዋል።

የሁለቱ ትሎች ምሥጢር የተገለጠው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1850ዎቹ፣ ጀርመናውያን ሊቃውንት የበግን ከረጢት ለውሻ አብልተው በአንጀቱ ትሉን ባገኙት፣ የአዙሪቱንም ትል እንቁላል ለበግ መልሰው ሰጥተው ደዌውን ባስነሡ ጊዜ ነው። ይልቁንም ለጋይንት ሰው የሚጠቅመው የአይስላንድ ታሪክ ነው። ያ ደሴት ብርዳማ ነው፣ ሕዝቡ በበግ ኗሪ ነበር፣ ውሻውም ከሰው ጋር ያድር ነበር፤ የዴንማርኩ ሊቅ ሃራልድ ክራቤ በ1863 ወደዚያ ተሻግሮ 100 ውሾች ቢመረምር በ28ቱ ውስጥ ትንሹን ትል አገኘ። እርሱም የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ በአይስላንድ ቋንቋ ታትሞ ለየቤቱ ታደለ፤ በ1869 ሕግ ወጣ፤ የሰዎቹም ልማድ ተለወጠ፤ ዛሬ በሽታው ከዚያ ደሴት ጠፍቷል። ክራቤ ተአምረኛ መድኃኒት አልነበረውም፤ ዋናው ነገር ሰዉ የበጉን ሆድ ዕቃ ለውሻ መስጠት መተዉ ነው። የትኛውም የጋይንት ሰንበቴ ወይም ማኅበር ይህን ያህል ቃል በአንድ እሑድ ሊያሰማ ይችላል ብዬ አስባለሁ።

የሚደረገውም ይህ ነው። ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት፣ የዞረም በግ ራስ፣ ይቃጠላል ወይም ውሻ ቈፍሮ ሊያወጣው እስከማይችል ድረስ ጠልቆ ይቀበርና ድንጋይ ይጫንበታል። ለውሻ ሊሰጥ የታሰበ እንደ ሆነ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቀቀላል፤ ነገር ግን ማገዶው ኩበት በሆነበት አገር ከመቀቀል መቅበር ይቀላል። የከተማው ቄራም ውሻ የሚከለክል አጥር ካልኖረው፣ የገበሬው ጥንቃቄ ሁሉ በአንድ ቀን ይፈርሳል።

ለውሻው የሚሰጠው መድኃኒት ፕራዚኳንተል ይባላል፤ መጠኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊግራም ሲሆን፣ ሁለቱንም ትሎች ይገድላል፤ ወስፋትንና መንጠቆ ትልን ግን አይነካም፤ ለእነርሱ ሌላ መድኃኒት አለ፤ ቡችሎችም ከተወለዱ ከሁለት ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይታከማሉ። ለበግ የተገዛውን መርፌ በግምት ለውሻ መውጋት ግን አደገኛ ነውና፣ የእንስሳት ሐኪም ሳይጠየቅ አይደረግም። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን ስለማይገድል፣ ውሻው ለሁለት ቀን ያህል ታስሮ ኩሱ ተሰብስቦ ይቃጠላል።

ጊዜውን ለመምረጥ የበዓላቱ ሥርዓት ራሱ ይረዳል። ውሻው በትንሣኤ ዕለት የዋጠው ከረጢት ትል ሆኖ እንቁላል እስኪጥል ድረስ ስድስት ወይም ሰባት ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ ይህም ወደ ጰራቅሊጦስ ይደርሳል፤ ጰራቅሊጦስም በግንቦት አጋማሽና በሰኔ መካከል የሚውል ስለ ሆነ፣ እንቁላሉ ሜዳ ላይ የሚወድቀው ክረምቱ በሚገባበት ሰሞን ነው። ፀሐይና ድርቀት የሚገድሉት ይህ እንቁላል በደጋው ብርድና እርጥበት ውስጥ ለብዙ ወራት ይቈያል፤ አዲሱን ሣር የሚግጡትም ጠቦቶች ናቸው። ስለዚህ በፋሲካ የበላ ውሻ መድኃኒቱን ሊወስድ የሚገባው በአርባኛው ቀን ግድም፣ በዕርገት ዋዜማ ወይም በማግሥቱ፣ ትሉ እንቁላል መጣል ከመጀመሩ በፊት ነው።